ያጠራል እንጂ አያነሳም

ማክሰኞ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት

ለእናቴ ልጅ፣ ለወንድሜ፤

ከሁሉ በፊት ጤናህን ልጠይቅ። እንዴት ነህ? ወገብህስ? ሊፍት ጉድጓድ ውስጥ ተንጠልጥለህ ስትውል የያዘህ ውጋት ለቀቀህ ወይስ እንደ እኔ ጉልበት ቤት ሠርቶ ተቀመጠ? ባለቤትህ እንዴት ናት? ትንሿስ? ባለፈው ጥርስ አወጣች ብለኸኝ ነበር፤ እስካሁን ምላሱም ሳይከተል አይቀርም። በአክስቷ ከወጣች ጆሮህን ከአሁኑ አዘጋጅ።

እኔ አለሁ። ደክሞኛል እንጂ አለሁ። አባባም ደህና ነው፤ ሰላም ይልሃል፣ ይመርቅሃል።

ምነው በስልክ ብትነግሪኝ ትል ይሆናል። የስልክ ወሬ ለእኔ አይሆነኝም። ገና ሰላምታዬን ሳልጨርስ «በቃ፣ ሥራ ላይ ነኝ» ትለኛለህ። ደግሞም አባባ ከመጋረጃው ጀርባ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ጆሮውን ይጥላል። ዓይኑ በከዳው ልክ ጆሮው ጨምሯል፤ ሳንቲም ብትወድቅ ባለ ስንት እንደሆነች ይነግርሃል። ስለዚህ በወረቀት ይሻላል። ቅዳሜ ጠዋት ወደ እናንተ ከተማ የሚነዳው ሹፌር ያደርስልሃል።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። ካሜራው ተበላሸብኝ። አዎ፣ አንተ የላክኸው። አልጣልኩትም፣ ውሃ አላስነካሁትም፤ እንደ እንቁላል ነው የያዝኩት። ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰው አንስቼበታለሁ። እንደ ወትሮዬ ከስድስት እስከ ስምንት ዘግቼ፣ ገበያ ደርሼ ስመለስ ነው እምቢ ያለኝ። ሰው በርጩማው ላይ አስቀምጬ «አገጭዎን ዝቅ፣ ትከሻ ለቀቅ» ብዬ ዓይኔን ሳስጠጋ፣ ሌንሱ ዝዝ ብሎ ይሄድና ይመለሳል፤ ፊቱን ጥርት አድርጎ ያመጣዋል። የቅንድቡን ፀጉር አንድ በአንድ መቁጠር እችላለሁ። ከዚያ ማንሻውን ስጫነው ምንም። ያቺ ቀጭ የምትለው ድምፅ የለችም። ብጫን፣ ብጫን፣ ድንጋይ። ያጠራል እንጂ አያነሳም።

የደረሰብኝን ውርደት አትጠይቀኝ። ለጉርድ ፎቶ የመጣ አንድ ደንዳና ነጋዴ ነበር። «አይተንፍሱ» ብዬዋለሁ፤ እሱ እንደታዘዘው ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል፣ እኔ ከካሜራው ጋር ግብ ግብ ገጥሜያለሁ። ፊቱ እንደ ቲማቲም ሲቀላ «ሴትዮ፣ ልተንፍስ ወይስ እዚሁ ልሙትልሽ?» አለኝ። ይቅርታ ጠይቄ ለሌላ ቀን ቀጠርኩት። ሲወጣ በሩን እንዴት አድርጎ እንደዘጋው! ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ሙሽሮች በሙሉ ተንቀጠቀጡ።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ጎረቤታችንን ሰዓት ሠሪውን ጠራሁት። አምስት ጉዳይን ታስታውሰዋለህ መቼም፤ «ሰዓቴ መቼ ይደርሳል?» ለሚለው ሁሉ «አምስት ደቂቃ ነው የቀረው» ሲል ሲል ስሙ ሆኖ የቀረው። ሁለታችን ባትሪውን አውጥተን ሞልተን መለስን። ሚሞሪው ሞልቶ ይሆናል ብለን አየን፤ ገና ባዶ ነው። በሚሞሪው ጠርዝ ላይ ያለችውን ጢኒጥ መዝጊያ ወዲህ ወዲያ አደረግናት። ራሱን በራሱ እንዲያነሳ ተሞልቶ እንደሆነ ብለን ደግሞ ካሜራው ፊት ጎን ለጎን ቆመን ጠበቅን፤ አስበው፣ ሁለት ጎልማሶች ለማያነሳ ካሜራ ስንገለፍጥ! ሌንሱን ፈትቼ ከኋላው ያሉትን የነሐስ ነጥቦች በላጲስ አሸሁና ጠበቅ አድርጌ መለስኩት። በጣም ቀርቤ ይሆናል ብዬ ወደ ኋላ ወደ ኋላ ስል ጀርባዬ በሩን ነካ። አላነሳም።

ከላዩ ባለችው ትንሽ መስኮት ላይ ሦስት የባዕድ ፊደል ብልጭ ድርግም ይላል። አምስት ጉዳይ አንገቱን ሰበር አድርጎ ካየ በኋላ «የፋብሪካው ስም ነው» አለኝ። «ታዲያ እስከ ትላንት ስም አልነበረውም?» ብለው፣ «አፍሮ ደብቆት ነው» አለኝ። መመሪያ መጽሐፉ አለ፤ ግን አንተ የሊፍቶቹን መጽሐፍ በምታነብበት ቋንቋ ነው የተጻፈው። ለእኔ የጉንዳን ሰልፍ ነው።

በመጨረሻ አምስት ጉዳይ እጁን እየጠረገ ምን አለኝ መሰለህ? «እህቴ፣ ይኼ ካሜራ በአባትሽ ወጥቷል። ሁሉን ጥርት አድርገው ያያሉ፤ አንዴ አልለቅም ካሉ ግን አለቀ።» ሳቄ አመለጠኝ። ከመጋረጃው ጀርባ ሳል ሰማን። አምስት ጉዳይ «አንድ ሰዓት ትቼ መጥቻለሁ» ብሎ ውልቅ።

ያልነገርኩህ ነገር አለ። ከካሜራው ጋር የመጣው ሌንስ ባለፈው ዓመት ሲያጉረመርም ከርሞ ዝም አለ፤ በራሱ ማጥራት ተወ። እንዳትሰጋ ብዬ ደበቅኩህ። በምትኩ የአባባን ሌንስ ከቁም ሳጥኑ አውጥቼ ብሞክራት ልክክ አለች፤ ያን የመጨረሻ የፊልም ካሜራውን ሲገዛ አብራው የመጣችዋ፣ ከባዷ፣ ብርሃን ማስገቢያዋን የምታሰፋና የምታጠብ ባለ ቁጥር ቀለበት ያላት። ስወስዳት አባባ ሰምቷል፤ የሳጥኑ በር ይጮሃል። «ምን ፈለግሽ?» ሊለኝ ይችል ነበር፤ አላለም። አሁን እንግዲህ ያንተን የሞተ ሌንስ መልሼ፣ በእጄ እያዞርኩ ሞከርኩት፤ ቀጭ! አነሳ። ካሜራው ጤነኛ ነው ማለት ነው። የታመመችው የአባባ ሌንስ ናት። ይኼን ሳውቅ ቅስሜ ስብር አለ። በሞተው እንዳልሠራ የእኔም ዓይን እንደ ዱሮው አይደለም፤ በእጄ ሳጠራ ከሦስቱ ሁለቱ ይደበዝዝብኛል። ዓርብ ደግሞ የትምህርት ቤቱ ቀን ነው። መቶ አርባ ልጅ፣ ለፈተና መግቢያ ጉርድ ፎቶ። እኔ ካላነሳሁ ማዶ ያለው ስልክ ሻጭ በስልኩ ሊያነሳቸው ምራቁን እየዋጠ ነው።

ነገርን ነገር ያነሳዋልና ስለ አባባ ዓይን ልንገርህ። በስልክ «ትንሽ ይደክመዋል» ብቻ ስልህ ቆይቻለሁ። ግራው ከጠፋ ሦስት ዓመቱ። ቀኙ እየጠበበ ነው፤ አሁን ዓለምን የሚያየው በቁልፍ ቀዳዳ ነው። ሐኪሟ ባለፈው ወር «ጠብታው ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም፤ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ካዩበት ጥሩ ነው» አለችኝ። ዓመቱ ሊያልቅ አራት ወር ቀረው። በቀን ሦስት ጊዜ ቀና አድርጌ ጠብታውን ሳደርግለት ዓይኑ እኔን ያልፍና ጣራ ላይ የሆነ ነገር ይፈልጋል። ሆድ ይፍጀው ብዬ ይዤው ነበር፤ ሆዴም ሞላ።

የምትለውን አውቃለሁ። «እሱ ራሱ ይጥራኝ፣ በነጋታው እመጣለሁ።» እሱ ደግሞ «ሳልጠራው ደጄን እንዳይረግጥ» ካለ አሥራ አንድ ዓመቱ። ልክ ነበርክ፤ ፊልም ሞቷል ያልከው እውነት ነው፣ ሁሉም ፎቶ ቤት ያንኑ አደረገ። ግን እሱ ሌላ ከተማ ሠርግ ሊያነሳ በሄደበት፣ ሳትጠይቀው፣ ማጉያውን፣ የማጠቢያ ገበታዎቹን፣ ቀዩን አምፖል ሳይቀር ከጨለማ ክፍሉ አውጥተህ ሸጠህ። ተመልሶ ባዶውን ክፍል ሲያይ አልጮኸም። ቢጮህ ይሻል ነበር። እጁን ወደ አንተ ዘርግቶ «ከዛሬ ጀምሮ ይኼ እጅ አንተን አያነሳም» አለ። ሃያ ሁለት ዓመትህ ነበር። በነጋታው ሻንጣህን ይዘህ ወጣህ።

በየዓመቱ ፎቶ ቤቱ በተከፈተበት ቀን፣ ደረጃ የተሳለበት ሸራ ፊት ጎን ለጎን ያቆመን የነበረውን ታስታውሳለህ? አንተ ከሄድክ በኋላም አልተወውም። እኔን ብቻዬን ያቆመኝ ነበር። በግራ በኩል፣ በዱሮ ቦታዬ። አንድ ዓመት ብቻዬን ነኝ ብዬ ወደ መሃል ብገባ «ቦታሽን ያዢ» አለኝ። ስምንት ፎቶ አለን፤ እኔ በግራ፣ በቀኝ ደረጃው ብቻ። ዓይኑ ሲከዳው ሸራውን ጠቅልሎ ሰቀለው።

ሰው መጣ። «ካሜራው ታሟል» ልበለውና ልመለስ። ኧረ አልመለስም፣ እግሬም አብጧል። ነገ።

ረቡዕ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት

ወንድሜ፣ አነሳ! ዓይኔን ግንባር ያርገው፣ አነሳ!

ጠዋቱን ሙሉ ሌንሷን በጨርቅ ጠቅልዬ እንደ አስከሬን ጠረጴዛው ላይ አጋድሜያት ነበር። ከሰዓት ሲደክመኝ መስኮቱ ስር ቁጭ ብዬ ዝም ብዬ እያገላበጥኳት ሳለ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። መጀመሪያ ካሜራው ላይ የገጠምኳት ቀን ቀለበቷ የመጨረሻው ቁጥር ላይ ነበረች። በብርቱካን ቀለም የተጻፈው ሃያ ሁለት። እንዴት ያዝሽው ትለኛለህ፤ ሃያ ሁለት አንተ ከቤት የወጣህበት ዕድሜ ነዋ! ያን ቁጥር የትም ባየው አልረሳውም። አሁን ግን ቀለበቷ ስምንት ላይ ነች። ከሃያ ሁለቱ እንዳትነቃነቅ የምትይዛት ኩርንችት የምታህል መቆለፊያም ተከፍታለች። ሃያ ሁለት ላይ መለስኳት፣ መቆለፊያዋን ገፋሁ፣ ካሜራው ላይ ገጠምኳት፣ ብልጭ ድርግም ሲሉ የነበሩት ፊደሎች ጠፉ። ተጫንኩ። ቀጭ!

ጩኸቴን ሰምቶ አምስት ጉዳይ አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ እንደሰካ እየሮጠ መጣ። ሌባ የገባ መስሎት ነው፤ በእጁ የያዘው ግን ለዝንብ እንኳ የማትበቃ የሰዓት መፍቻ ናት። ሌንሷን ተቀብሎ አገላብጦ አየ። «አዲሱ ካሜራ ቀለበቷ ካልተቆለፈች አልሠራም ባይ ነው» አለኝ። ቀጥሎ መቆለፊያዋን በጥፍሩ ሞከራት። «ደረቅ ናት። በራሷ አትከፈትም። ሰው ነው የከፈታት።»

እኔ አይደለሁም አልኩት።

«በዚህ ቤት ስንት ሰው አለ?»

ሁለት።

መነጽሩን ከዓይኑ አውልቆ መጋረጃውን አየ፣ እኔን አየ። «ደንበኛዬ ጋ አምስት ደቂቃ ነው የቀረኝ» ብሎ በእግሩ ጣቶች እየተራመደ ወጣ።

አባባን ጠየቅኩት። ካሜራዬን ነክተኸው ነበር ወይ ብለው «እኔ ከዚያ ላስቲክ ጋር ምን አለኝ?» አለኝ። መቼም ያንተን ካሜራ ከመጣ ጀምሮ «ያ ላስቲክ» ነው የሚለው። ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። እኔም ተውኩት።

ግን ስምንት ለምን? ስምንት ቁጥር ከዚያ ወዲህ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለች። ልጆች ሳለን ከአጠገቡ ቆመን ያስተማረንን አትረሳውም፦ ለአንድ ሰው አምስት ነጥብ ስድስት፣ ለሁለት ሰው ስምንት፣ ለቤተሰብ አሥራ አንድ። «ሁለት ሰው ሲቆም አንዱ ትንሽ ወደ ኋላ መቅረቱ አይቀርም፤ ስምንት ካላደረግሽው የራቀው ይደበዝዝብሻል» ይል ነበር። እኔን ብቻዬን ባቆመኝ በእነዚያ ስምንት ዓመታት አምስት ነጥብ ስድስት ላይ ነበር የሚያደርጋት። አሁን ሁለት ሰው ከየት አመጣ?

ቀለበቷን ቆልፌ፣ ካሜራውን ባለሦስት እግር መቆሚያው ላይ መልሼ፣ ጨርቁን አልብሼዋለሁ። ወገቤ ቁርጥ ብሏል። ሆኖም ዛሬ ተደስቼ ነው የደከመኝ፤ ይኼኛው ድካም ይሻላል።

ሐሙስ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት

አሁን ያየሁትን ሳይበርድብኝ ልጻፈው። እየተቻኮልኩ ነው፣ ፊደሌን ታገሠኝ።

እንደ ወትሮዬ ስድስት ሰዓት ላይ ዘጋሁ። የአባባን ጠብታ ልገዛ መድኃኒት ቤት ብሄድ ለምሳ ዘግተዋል። ሌላ ቦታ ለመሄድ እግሬ እምቢ ስላለኝ ተመለስኩ። በጓሮ በር ነው የገባሁት። የአባባ ወንበር ባዶ ነው። መጋረጃው ገርበብ ብሏል። አባባ የወደቀ መሰለኝ። ጠጋ ብዬ በስንጥቁ አየሁ።

አልወደቀም። ቆሟል። አመድማውን የሥራ ሰደርያውን ለብሷል፤ ፀጉሩን በውሃ አበጥሯል። ሦስት ዓመት ተጠቅልሎ የኖረው ሸራ ተዘርግቷል፤ ደረጃው እንዳለ ነው፣ ጠርዙን ብቻ ብል በልቶታል። አባባ ግድግዳውን ተደግፎ፣ በመዳፉ እየዳሰሰ ካሜራው ጋ ደረሰ። ጨርቁን አነሳ። በአውራ ጣቱ ጥፍር መቆለፊያዋን ከፈታት። ቀለበቷን አዞረ። ቁጥሯን አያይም፤ በጆሮው ነው የሚቆጥራት። ጠቅ፣ አሥራ ስድስት። ጠቅ፣ አሥራ አንድ። ጠቅ፣ ስምንት። እዚያ ላይ አቆመ።

ከዚያ ጎንበስ ብሎ ያን የቁልፍ ቀዳዳ ዓይኑን አስጠጋ። ሌንሷ ዝዝ አለች፤ ባዶውን ደረጃ አጠራችለት። ለባዶው ሸራ ምን አለ መሰለህ? ቃል በቃል ልጻፍልህ። «አንቺ ቦታሽን ያዢ። አንተ ቀረብ በል። ቀረብ፣ ቀረብ። እህትህን አትጋፋት።»

ተጫነ። ምንም። ጠበቀ። ደግሞ ተጫነ። ሐኪም ደረት እንደሚያዳምጥ ጆሮውን ካሜራው ላይ ለጠፈ። አርባ ዓመት ሙሉ ያቺን ድምፅ ሲሰማ የኖረ ሰው አለመነሳቱ አይጠፋውም። አልተናደደም። «እሺ፤ ነገ» አለ፤ በጣም በቀስታ፣ ደንበኛ እንደሚያሰናብት። ሸራውን ጠቀለለ፣ ጨርቁን አለበሰ፣ ግድግዳውን ይዞ ተመለሰ። እኔ ወደ ጓሮው ተመለስኩና፣ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ እስክሰማ ድረስ አፌን በነጠላዬ ይዤ ቆምኩ። ከዚያ እግሬን መሬቱ ላይ እየጎተትኩ፣ በሩን እያንኳኳሁ ገባሁ።

«ጠብታው ተገኘ?» አለኝ። ዘግተዋል አልኩት። የሰደርያውን አንድ ቁልፍ መፍታት ረስቷል። እኔም አላየሁም።

ቅዳሜ፣ ማለዳ

ሹፌሩ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይመጣል። ልጨርስልህ።

ትላንት መቶ አርባውንም አነሳኋቸው። አንዱ ዓይኑን ይጨፍናል፣ አንዷ ስስቅ ጥርሴ ይታያል ብላ ታለቅሳለች፣ አንዱ የጓደኛውን ሸሚዝ ተውሶ ገብቶ ባለቤቱ ተራው ሲደርስ ራቁቱን ቀረ። አስተማሪያቸው በሩ ላይ ቆሞ «ሰልፍ! ሰልፍ!» ሲል ድምፁ ተዘጋ። ቀለበቷን ሃያ ሁለት ላይ ቆልፌ፣ ቀኑን ሙሉ ቀጭ ቀጭ ቀጭ። እግሬ ከታች አለ ከላይ ሳላውቅ ዋልኩ።

አባባ ከመጋረጃው ጀርባ ሁሉንም ሰምቷል። የመጨረሻው ልጅ ከወጣ በኋላ ሻይ ይዤለት ገባሁ። ብርጭቆውን በሁለት እጁ ያዘ። ከዚያ «ካሜራሽ አሁንም ጤና የላትም» አለኝ። ላስቲክ አላላትም። መቶ አርባ ጊዜ ስታነሳ የሰማ ሰው ነው ይኼን የሚለኝ። ምን ልበለው? አዎ አባባ፣ ጤና የላትም አልኩት።

«የላከው ይምጣና ይያት» አለኝ። ሻዩን ጠጣ።

ወንድሜ፣ አሁን የምነግርህን ተቀምጠህ አንብበው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በስልክ «አባባ ሰላም ብሎሃል፣ መርቆሃል» ያልኩህ ሁሉ የእኔ ነው። አንድም ቀን ስምህን አንስቶ አያውቅም። ልጅ ስትወልድ «እልል በይለት ብሏል» ያልኩህም የእኔ ነው፤ እሱ የዚያን ቀን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው የዋለው። ለእሱም ከአንተ ሰላምታ እያመጣሁ ሰጥቼዋለሁ፤ ግማሹን አላልከውም። በሁለታችሁ መሃል ሐሰተኛ ፖስተኛ ሆኜ ኖርኩ። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእኔ ግን እያደር ከበደኝ። «ሰላም የሚለኝ ከሆነ ለምን አይጠራኝም?» ብለህ የጠየቅኸኝ ቀን መልስ ያጣሁት ለዚህ ነው። የዚህን ደብዳቤ መጀመሪያ ተመልሰህ እየው፤ እዚያም ጽፌዋለሁ፣ እጄ ለምዶበት። ልሰርዘው ነበር፤ ተውኩት፣ እየው።

ተቀየመኝ፣ ይገባኛል። ነገር ግን «የላከው ይምጣና ይያት» የሚለው የእሱ ነው። አንዲት ፊደል አልጨመርኩበትም። ስትጠብቀው የኖርከው ከዚህ በላይ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔም ስጠብቅ ነበር። ከእሱ አፍ የሚወጣው ግን ይኼ ነው።

እንግዲህ ለአለቃህ ካሜራ ልጠግን እሄዳለሁ በለው። እኔም አባባን ካሜራውን ሊያይ ይመጣል እለዋለሁ። ስትመጣ መመሪያ መጽሐፉን ታነበዋለህ፤ ቀለበቷ ሳትቆለፍ እንዲሠራ የሚያደርግ አንድ ነገር ውስጡ አይጠፋም ይላል አምስት ጉዳይ። አባባ ቀለበቷን በገዛ እጁ ማዞር አለበት፤ በሃያ ሁለት ቆልፌ ልሰጠው አልፈልግም። ባለቤትህንና ትንሿንም ይዘህ ና። ያን ጊዜ ስምንት አትበቃም፤ አሥራ አንድ ላይ ያደርጋታል። ጠቁ በአንድ ያንሳል፣ እኔ እቆጥራለሁ።

ዛሬ ማለዳ ከመጻፌ በፊት መቆለፊያዋን ከፍቼ ስምንት ላይ መልሻታለሁ። ስድስት ሰዓት ላይ ሲመጣ እንደተዋት ያግኛት። እስክትመጣ ድረስ ጠዋት ጠዋት በሃያ ሁለት እሠራለሁ፣ ለምሳ ስዘጋ ስምንት ላይ እተውለታለሁ። አድካሚ ነው። ግን ከስንቱ ድካሜ ይኼ አንዱ ደስ ይለኛል።

ወገብህን ያጽናልህ፤ ከፍታ ላይ ስትወጣ ገመድህን ያጥብቅልህ። ባለቤትህን ሳምልኝ፣ ትንሿን ሁለቱንም ጉንጯን። መንገድህን ቀና ያድርግልህ፣ የአባባን ዓይን እስከዚያ ድረስ ብሩህ ያድርግልን።

በግራ በኩል ቦታዋን ይዛ የምትጠብቅህ፣

እህትህ